እግሩን ላመመው ሁሉ «ካልሲየም ነው» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉ!

አንድ ሰው «እግሬን እስከ አጥንቴ ድረስ ያመኛል» ሲል መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ «ካልሲየም ጎድሎህ ነው!» የት እንደሚያመው፣ አንድ እግሩን ይሁን ሁለቱን፣ ሲራመድ ይሁን ሲተኛ የጠየቀው የለም። ሰውየው በዕድሜ ከገፋማ ነገሩ የባሰ ነው፤ «እርጅና ነው» ተብሎ ይዘጋል።

እናቴ ጥቂት እንደተራመደች ባቷን ጨምድዶ ይይዛት ነበር። ቆም ስትል ይለቃታል፣ ስትራመድ ይመለሳል። «ዕድሜዎ ነው» ብሎ ማስታገሻ ጽፎ የሸኛት ባለሙያ የእግሯን የደም ምት እንኳ በጣቱ አልዳሰሰም! ኋላ ሲታይ ችግሩ የደም ቧንቧ መጥበብ ነበር። እንዲህ ያለው ሕመም የሚመጣው ጡንቻው ሲሠራ የሚበቃውን ደም ስለማያገኝ ነው፤ ሲጋራ የሚያጨሱና የስኳር ሕመም ያለባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ። ካልሲየም እዚህ ምን ሊያደርግ?

ከመቀመጫ ተነስቶ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ መነሻው ወገብ ላይ ጫና ያረፈበት ነርቭ ነው። ሰው ግን እግሩን ሲያሽ ይከርማል። የአጥንት መሳሳትም ቢሆን አጥንቱ እስኪሰበር ድረስ በአብዛኛው ምንም አያምም፤ ስለዚህ «አጥንቴ ሳስቶ ነው የሚያመኝ» የሚለው ግምት ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው። አጥንትን በእውነት ከሚያሳምሙት አንዱ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው፤ ሲጠና አጥንት ይለሰልሳል፣ ጭንና ዳሌ ይደክማል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታል። ይህም በደም ምርመራ ይታወቃል እንጂ በጎረቤት ግምት አይደለም።

በጣም የሚያናድደኝ «ትንሽ ታገስ» የሚለው ምክር ነው። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ እግሩን ማሸትም አይገባም!

ልጆችንም «እያደገ ነው» ብላችሁ አትለፏቸው። የእድገት ሕመም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ማታ ማታ ያምና ጠዋት ይጠፋል፤ ልጁም አያነክስም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚመላለስ፣ እያበጠ የሚሄድ፣ የሚያስነክስ ወይም ትኩሳት ያለው ሕመም ግን እድገት አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።