ቁርጥራጩም በገንዘቤ የገዛሁት ጨርቅ ነው

ዛሬ ብሶቴን ሳልጽፍ አልተኛም። ጉዳዩ ጨርቅ ነው። «ለጨርቅ ይህን ያህል?» የሚል ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

ሐሙስ ዕለት ለልጄ የእንቁጣጣሽ ቀሚስ የሚሆን ጥጥ ጨርቅ ገዛሁ፤ መደቡ ቢጫ፣ አበባው ቀይ፣ እጅ ላይ ሲያርፍ ልስልስ የሚል። በልጄ ቁመት 2.5 ሜትር እንደሚበቃ አውቃለሁ፤ እኔም መቀስ ይዤ ያደግሁ ሰው ነኝ። ልብስ ሰፊው ግን «3 ሜትር አምጪ» ስላለኝ 3 ሜትር ወሰድሁለት። ስሰጠውም በግልጽ ተናገርሁ፦ «ወንድሜ፣ የሚተርፈውን ጣት የምታህል እንኳ ብትሆን አስቀምጥልኝ፤ እፈልገዋለሁ።» «እሺ እትዬ፣ አስቀምጥልሻለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ ሄድሁ። ቀሚሱ አምሯል፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ አንገቱ የተስተካከለ ነው። በሙያው ላይ አንዳች ነቀፌታ የለኝም። «ቁርጥራጩስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ከመኪናው ቀና ሳይል «እሱማ ተጠርጎ ወጣ» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ። ከሱቁ ወጥቼ በጓሮ በኩል ሳልፍ ቦዩ ዳር ቢጫ ነገር አየሁ። የነሐሴ ጎርፍ ከእነ ጭቃው፣ ከእነ ፌስታሉ የሚወስደው የኔ ጨርቅ ነበር። ጎንበስ ብዬ ከብብት ሥር የተቆረጠችውን ጨረቃ የመሰለች አንዲት ቁራጭ ብቻ አወጣሁ። ሌላው ሄዷል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ጤፍ አስፈጭታችሁ ስትጨርሱ የወፍጮውን አፍ በመዳፋችሁ እየመታችሁ የቀረችውን ዱቄት አታራግፉምን? ባለ ወፍጮው «የቀረው ለእኔ ነው» ቢላችሁ ዝም ትሉታላችሁን? ለዓመት በዓል ቅርጫ ስትገቡ ጨጓራው ሳይቀር ተቆራርጦ በየመደቡ አይደለደልምን? እናቴ ጥጥ ፈትላ ለሸማኔ ስትሰጥ፣ ሸማኔው ጋቢውን ሲያደርስ የተረፈችውን ልቃቂት ከጋቢው ጋር አብሮ ያመጣላት ነበር። ሳያመጣ የቀረ ሸማኔ ከእናቴ ቤት ዳግመኛ ፈትል አላገኘም። ታዲያ ልብስ ሰፊ ቤት ስንደርስ ብቻ ይህ ሕግ ለምን ይጠፋል? 3 ሜትር ከፍዬ፣ ቀሚስ ሆኖ የተመለሰልኝን ብቻ ይዤ እንድወጣ ማን ፈረደብኝ?

የሚተርፈው ደግሞ ጥቂት አይደለም። ዙሪያውን ክብ የሆነ ጉርድ ቀሚስ ከአራት ማዕዘን ጨርቅ ሲቆረጥ በአራቱ ጥግ የሚቀረው ብቻ ከጨርቁ አንድ አምስተኛ ይበልጣል። የማያምን ሰው ወረቀት አንሥቶ ክብ ይቁረጥና ይየው። በዚያ ላይ የእጅጌው ኩርባ አለ፣ የአንገቱ ጉርጓድ አለ፣ «ለማንኛውም» ተብሎ የተጨመረው ግማሽ ሜትር አለ። እኔ አንድም ሳንቲም ሳልቀንስ የከፈልሁበት ነው።

የቁርጥራጭ ነገር እንደ እኔ ከቁርጥራጭ አልጋ ልብስ ለማይሰፉ ሰዎች አይመለከታቸውም እንዳትሉ፣ የዩኒፎርሙን ጉድ ልንገራችሁ። መስከረም ላይ ዩኒፎርም ይሰፋል። ጥር ሳይደርስ የወንዱ ልጅ ጉልበት ይቀደዳል፤ ኳስ ይጫወታል፣ ይንበረከካል፣ ልጅ ነው። ለመጣፍ ያንኑ ጨርቅ ትፈልጋላችሁ። ገበያ ትወጣላችሁ፤ ሰማያዊው አለ፣ ግን የዘንድሮው ሰማያዊ አይደለም፣ አንድ ደረጃ ይደምቃል። ሩብ ሜትር የሚቆርጥ ነጋዴም የለም። አንዲት መዳፍ የምታህል ቁራጭ መስከረም ላይ በፌስታል ተጠቅልላ ቤት ብትመጣ ኖሮ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነበር። አምና ልጄ ከጥር እስከ ሰኔ ጉልበቱ ላይ ሌላ ቀለም ለጥፎ ተማረ። ክፍል ውስጥ እየተሳቀቀ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ያደርግ እንደነበር የነገረችኝ እህቱ ናት። እሱ አልነገረኝም። ይህን ሳስብ እስካሁን ሆዴን ይበላኛል።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ፤ ያለ እሱ ብሶቴ ስለማይገባችሁ። ከቢሮ ስመለስ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ በእናቴ ሲንጀር ከቁርጥራጭ ጨርቅ አልጋ ልብስ እሰፋለሁ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በክረምት ከጮቄ በኩል የሚመጣውን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የሚደረብ ነገር በዚህ አገር ቅንጦት አይደለም።

መጀመሪያ ጥጡን ከፖሊስተሩ እለያለሁ። ዐይን ያታልላል፣ እጅም አንዳንዴ ያታልላል፤ ስለዚህ ከዳሩ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጥላለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ልል አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከእሳቱ እየሸሸ ይኮማተርና ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ሁለቱን ደባልቆ የሰፋ ሰው አጥቦ ባሰጣበት ቀን ያዝናል፦ ጥጡ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተሩ ባለበት ይቆያል፣ የወር ልፋት ተጨማድዶ ይቀራል። ጥጡን ለይቼ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ከዚያ በ6.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት እቀደዋለሁ። በግራና በቀኝ 7.5 ሚሊ ሜትር በስፌት ሲሄድ ለዐይን የሚቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ስፋቱ 1.60፣ ቁመቱ 2 ሜትር ለሆነ አልጋ ልብስ 32 ረድፍ ይገባል። 32 ጊዜ 2 ሜትር፣ 64 ሜትር ቅዳጅ ማለት ነው! ከስፌቱ ውስጥ ተሸሽጎ የሚቀረው ብቻ ወደ አንድ ካሬ ሜትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ መዳፍ ከምታህል፣ ክንድ ከማትሞላ ቁራጭ ጫፍ ለጫፍ እየተቀጠለ የሚሰበሰብ ነው። እንግዲህ አንድ ልብስ ሰፊ በመጥረጊያ ሲገፋው የሚውለው ነገር ለእኔ ምን እንደሆነ ተመልከቱ።

አሰፋፉም የራሱ ሥርዓት አለው። ረድፎቹን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሰፋ ሰው ሥራው እንደ ቀስት ይጎብጥበታል፤ ስለዚህ አንዱን ከላይ ከጀመርሁ ቀጣዩን ከታች እጀምራለሁ። በሰያፍ የተቆረጠ ቁራጭ ስለሚለጠጥ መኪናው ጥርስ ላይ አልጎትተውም፤ ራሱ እንዲሄድ እተወዋለሁ። ከሥር አቡጀዴ፣ ከመካከል ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ረድፉ ሆኖ ሦስቱ አንድ ላይ በእጅ መርፌ ይያያዛሉ። ካኪ ሳገኝ ደስ ይለኛል። የገጠሩ ገበሬያችን የሚለብሰው የአረንጓዴ ካኪ ቁምጣ ቁራጭ ከገባበት ዳሩ ቶሎ አያልቅም።

የልብስ ሰፊዎችን መልስ አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «የስንቱን ደንበኛ ቁርጥራጭ ለይቼ ልያዝ?» ይላሉ። ከዚያው ከጨርቁ ዳር አንድ ቅዳጅ ቀዶ የተረፈውን ጠቅልሎ በእሱ ማሰርና ከልብሱ ጋር መስቀል ስንት ሰዓት ይወስዳል? ቁልፍ ከመትከል ያነሰ ጊዜ ነው። ሥራ እንደሚበዛባቸው አይጠፋኝም፤ የጳጉሜን ሰሞን ሌሊቱን ሳይተኙ ሲሰፉ አያለሁ፣ ወገባቸው እንደሚያም አውቃለሁ። አንዳንዱ ደግሞ በጆንያ አጠራቅሞ ለትራስና ለፍራሽ መሙያ ይሸጠዋል። ይሽጠው፤ ግን ይንገረኝ። «ቁርጥራጩን ካልወሰድሽ እኔ እሸጠዋለሁ» ይበለኝ። ያን ጊዜ እኔም ወይ እወስደዋለሁ፣ ወይ መርቄ እተውለታለሁ። የሚያበሳጨኝ ሳይጠይቁኝ የእኔ መሆኑ መቅረቱ ነው። ከመሸጡ የከፋው ደግሞ መጣሉ ነው። በበጋ ያቃጥሉታል፤ የፖሊስተሩ ጭስ ጥቁር ሆኖ ሠፈሩን ሲያፍን ይውላል። በክረምት ቦይ ይጥሉታል፤ ቦዩ ይደፈንና ጎርፉ መልሶ ሱቃቸው ደጃፍ ይወጣል። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት አላጸዳም ብለው ያማርራሉ።

ከልብስ ሰፊው በላይ ያቆሰለኝ ግን የእኛው የሰዎቹ ንግግር ነው። ቅዳሜ ከቦዩ ቁራጯን ሳነሣ ያየችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሰኞ ጠዋት በሰው ፊት «ምነው እቴ፣ ተቸገርሽ እንዴ?» አለችኝ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ድሪቶ ልትሠሪ ነው አሉ» አለች። ተሳሳቁ።

አዎ፣ ድሪቶ ነው። ደረተ ማለት ጣፈ፣ ጨርቅን በጨርቅ ላይ ሰፋ ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ የሚያሳፍረው የቱ ነው? በእናቴ ቤት የነበረችው ድሪቶ የእንግዳ መኝታ ነበረች። ስንቱ የቅኔ ተማሪ ደበሎውን አጥልቆ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን መሽቶበት ቤታችን አድሯል፤ ያችው ድሪቶ ነበረች ከብርድ ያዳነችው። ለተማሪ የሚሰጠውን ቁራሽ ማንም ጎጃሜ አይንቅም፤ እንደ በረከት ነው የምናየው። የእንጀራ ቁራሽ ከተከበረ የጨርቅ ቁራጭ ለምን መሳቂያ ይሆናል? ዛሬ ደግሞ ያልተዋጣ ጽሑፍ ሲያዩ «ድሪቶ» ብለው ይሰድቡታል። እናቴ ድሪቶ ስትሠራ ቀለም ከቀለም ታስማማ ነበር፣ ወፍራሙን ከወፍራም ታገጥም ነበር። ስድብ የሚሆን ሥራ አልነበረም።

አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል አንዲት መንደር አለች። ጥቁር ሴቶች ናቸው፤ ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት ጥጥ ያመርቱ የነበሩ። ከብርድ ለመዳን ከአሮጌ የሥራ ሱሪና ከተገኘው ቁራጭ ሁሉ አልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራቸው በሂውስተን፣ ከዚያም በኒው ዮርክ በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታየ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ። የእነዚያ እናቶች ሥራና የእኛ እናቶች ድሪቶ ከአንድ ችግርና ከአንድ ጥበብ የወጡ ናቸው። የእኛዎቹ ግን አልቀው ተጣሉ፤ የእናቴን ድሪቶ ዛሬ ላሳያችሁ ብል አንዲት ጥግ እንኳ የለኝም።

እኛ ደግሞ ለጨርቅ እንግዳ አይደለንም። ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተቋቋመ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዩኒቨርሲቲዋም የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ትምህርት የሚሰጥ ተቋም አለው። ጥጥ ስንት ሰው እጅ አልፎ ጨርቅ እንደሚሆን ከእኛ በላይ ማን ሊያውቅ ነው? ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ተለቅሞ፣ ተዳምጦ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ ቀለም ገብቶ፣ ተጭኖ፣ ገበያ ቆሞ እኔ እጅ ሲደርስ አንድ አምስተኛውን ለጎርፍ እንሰጠዋለን።

እንግዲህ ልብስ የምታሰፉ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ቁርጥራጫችሁን ጠይቁ። እኔ ብቻዬን ስጠይቅ ቆጣቢ፣ ንፉግ፣ የተቸገረች እባላለሁ። ከመቁረጡ በፊት ጠይቁ፤ ከተጠረገ በኋላ ዋጋ የለውም። ከጨርቁ ጋር ባዶ ፌስታል አብራችሁ ስጡ። የማትፈልጉት ከሆነ ለእኔ ስጡኝ፣ ቤት ድረስ መጥቼ እወስዳለሁ፤ ፖሊስተሩንም ቢሆን ለትራስ መሙያ አደርገዋለሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ የታናሹን ልጄን የዩኒፎርም ጨርቅ ይዤ ወደዚያው ሱቅ እመለሳለሁ። ሲቆርጥ አጠገቡ እቆማለሁ፤ የወደቀውን እኔው እለቅማለሁ። ከ32ቱ ረድፍ 19ኙ ተሰፍተዋል። ሃያኛው ቢጫው ሊሆን ነበር። አሁን በእጄ ያለችው ከቦይ ያወጣኋት ያቺው ጨረቃ የምትመስል ቁራጭ ብቻ ናት፤ ሦስት ጊዜ አጥቤያታለሁ፣ የጭቃው ቀለም ገና አልለቀቃትም።