«ዓይን አፋር ነው» ብዬ ተረጎምኩ

በባዕድ አገር ኑሮዬን የምገፋው በአስተርጓሚነት ነው። አንድ ቀን በሕክምና ክፍል ውስጥ አንዲት እናትና የ16 ዓመት ልጃቸው ከሐኪሟ ፊት ተቀምጠዋል፤ እኔ መሀል ነኝ። ሐኪሟ የልጁን ሕመም ስም ጠራች። ቃል በቃል ሲመለስ «ማኅበራዊ ጭንቀት» ነው። እንዲያ ብል ልጁን የኑሮ ውድነት ያስጨነቀው ይመስላቸዋል ብዬ «ዓይን አፋር ነው እያለች ነው» አልኳቸው። ፊታቸው ፈካ። «ተመስገን! ጨዋ ልጅ እኮ ነው፤ የአባቱን ነው የወሰደው» አሉ። አማርኛ የሚሰማው ልጅ አንገቱን ደፋ።

ስህተቴ ወዲያው ገባኝ። ዓይን አፋር እንግዳ ፊት ይሽኮረመማል እንጂ ውሎ ሲያድር ይላመዳል። ይህ ግን ስሜ ይጠራል ብሎ ከክፍል የሚቀር፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር ሲለማመድ የሚያድር፣ ከተናገረ በኋላ ደግሞ ያንኑ ለሳምንት እያነሣ ራሱን የሚገርፍ ልጅ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ችግሩን በመመርመሪያ መጽሐፉ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ዛሬ ፍርሃቱ 6 ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ኑሮን ሲያሰናክል ሕመም ይባላል፤ በብዛት የሚጀምረውም ከ8 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

አገር ቤት እኔም ያው ነበርኩ። መልሱን እያወቅሁ እጄን አላነሣም፤ ሰርተፊኬቴ ላይ ግን «ጠባዩ መልካም» ይጻፍልኛል። ሴት ብሆን «ጭምት» እባል ነበር። በሚመሰገንበት ነገር ታምሜአለሁ ብሎ የሚናገር ልጅ ከየት ይመጣል? ዝምታው ሲያሰለቸን ደግሞ «ምላስ የለህም እንዴ?» እንለዋለን። ሰው ይታዘበኛል ብሎ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ በሰው ፊት እንታዘበዋለን ማለት ነው።

ባሕር ማዶ ስሙ ስላለ መፍትሔም አለ፤ ይህን አልክድም። ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ መታከም፣ የሚፈሩትን ከትንሹ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተጋፈጡ መልመድ፣ ካስፈለገም መድኃኒት። የሚከነክነኝ ስሙ መሸሸጊያ ሲሆን ነው። ስልኩ ሲጠራ እስኪያቆም አፍጥጦ እያየ ከዚያ በጽሑፍ የሚመልስ ወጣት ሞልቷል። ገበያው፣ ባንኩ፣ ትምህርቱ ሁሉ በስክሪን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ሳያወጡ መዋል ይቻላል። ሽሽት ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ ፍርሃቱን ያደልበዋል። በዚህ በዚህ አገር ቤት ይሻላል፤ ልጅ ወደደም ጠላም ይላካል፣ ሰው ደጅ ያንኳኳል።

እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ተማሪዎች የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ሰዎች ወደተቀመጡበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ። ለባሾቹ በክፍሉ ካሉት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን አይተውብናል ብለው ገመቱ፤ በትክክል ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር፤ ስንት እጅ ሳላነሣ!

ወደዚያ ክፍል ልመለስ። «ይቅርታ እህቴ፣ አሳስቼ ነው የተረጎምኩልዎ» አልኳቸው። «ልጅዎ ሰው ፊት በቆመ ቁጥር ችሎት ፊት የቆመ ይመስለዋል ነው የምትለው።» እናትየው እኔንም ሐኪሟንም ትተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ልጁ በአማርኛ፣ እየተንተባተበ መናገር ጀመረ። ሐኪሟ እንድተረጉምላት ብታየኝ፣ በእጄ «ቆይ» አልኳት።