የበግ ጥርስና የቤት ካርታ

የደሴ ሰው በግ ሲገዛ ያላየ ጥንቃቄ ምን እንደሆነ አያውቅም። በበዓል ዋዜማ በግ ተራ ቆማችሁ አጎቴን ተመልከቱ። በጉን መጀመሪያ ከሩቅ ያዩታል፤ እንዳላየ ያልፋሉ፤ ዞረው ይመለሳሉ። ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ይቆጥራሉ። ላቱን በመዳፋቸው ይመዝናሉ፣ ወገቡን ይጫናሉ፣ ከዚያ ከመሬት አንሥተው መልሰው ያወርዱታል። ይህ ሁሉ ሆኖም አይገዙም። በግ የሚያውቅ ወዳጃቸውን ያስጠራሉ፤ ወዳጃቸውም ሌላ ወዳጁን ያስጠራል። ከየት መጣ? የማን ነው? ምን እየበላ አደገ? ሻጩ በግ የሚሸጥ ሳይሆን ልጁን የሚድር እስኪመስለው ድረስ ይጠየቃል።

እኒሁ አጎቴ አምና ኮምቦልቻ ላይ በሐራጅ ቤት ገዙ። በ6,350,000 ብር። ቤቱን ያዩት ከባጃጅ ሳይወርዱ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለነቀፋ እንዳይመስላችሁ። ለምስጋና ነው። ጥርስ ለሌለው ነገር ምን ጥርስ ይቆጠራል? ቤት እንደ በግ አይታመምም፣ አይከሳም፣ ሌሊት ገመድ በጥሶ አይጠፋም። ቆሞ ይታያል። ቆሞ የሚታይን ነገር መጠራጠር የወሎ ሰው ጠባይ አይደለም።

ደግሞም ከተማችን በሕግ አዋቂ ተቸግራ አታውቅም። ፒያሳ አካባቢ ከሚገኙት ቡና ቤቶች በአንዱ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ገና ሳይገፈፍ፣ በየቀኑ ችሎት ይሰየማል። ሰብሳቢው ዳኛ ከወንድማቸው ጋር በአንድ ክንድ አጥር 11 ዓመት የተካሰሱ አባት ናቸው። ተሸንፈዋል። ቢሆንም 11 ዓመት የፍርድ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሕግ አያውቅም የሚል ካለ ይነሣና ይናገር። ቀኝ ዳኛው ደላላው ነው። ግራ ዳኛው ማንም ቡና የሚጋብዝ ሰው ነው። ይህ ችሎት መዝገብ አይከፍትም፣ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ይግባኝም አይባልበትም፤ ሁለተኛው ስኒ ሳያልቅ ውሳኔ ይሰጣል። የአጎቴም ጉዳይ የታየው እዚሁ ሲሆን ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ “ግዛው” የሚል ነበር።

የሐራጅ ማስታወቂያ አነባበብም የራሱ ጥበብ አለው። ሠለጠንኩ የሚል ተጫራች የቤቱን ዓይነት ያያል፣ የቦታውን ስፋት ያያል፣ መነሻ ዋጋውን ያያል፣ ከዚያ ጋዜጣውን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ከዚያ በታች በደቃቅ ፊደል የሠፈረው ለጌጥ ነው። አጎቴ መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ጋዜጣውን ለእኔ ሰጡኝ። “ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት፣ 250 ካሬ ሜትር፣ መነሻ ዋጋ 4,000,000 ብር” የሚለው ላይ ስደርስ “በቃ፣ ገባኝ” አሉ።

“ጋሼ፣ ገና ስድስት ተራ ቁጥር ይቀራል።”

“እሱ የባንኩ ጉዳይ ነው።”

የባንኩ ጉዳይ የተባለው እንዲህ ይላል። ተጫራች የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ያስይዛል። አሸናፊው ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ አጠቃልሎ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ያስያዘው ገንዘብ አይመለስለትም። ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳና የስም ማዛወሪያ ወጪ በገዢው ይሸፈናል። ባንኩ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በከፊልም ሆነ በሙሉ የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። (ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በጣም እወዳታለሁ። በየማስታወቂያው ግርጌ ቁጭ ብላ የአንዱን ወገን መብት ስትጠብቅ ስንት ዘመኗ ነው! የእኛን መብት ማን እንደሚጠብቀው አልተጻፈም።)

“ጋሼ፣ አንድ ጠበቃ ብናማክርስ?” አልኳቸው። “15,000 ብር ቢጠይቀን ነው።”

አጎቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ ነገር ፈላጊ ልጅ እንደሚታይ አዩኝ።

“ጠበቃ? ተጣልቻለሁ እንዴ?”

እነሆ፣ ስንት ሊቅ ያልደረሰበት የሕግ ፍልስፍና። ጠበቃ የሚለው ቃል “ጠበቀ” ከሚለው ግስ እንደሚወጣ ሰዋስው ያስተምራል። እኛ ግን “ጠብ” ከሚለው አውጥተነዋል፤ ቋንቋውም የእኛው ስለሆነ ከልካይ የለንም። ጠብ ሳይኖር ጠበቃ መጥራት ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ነው። ሟርት ነው። ደላላው በሽያጭ ሁለት በመቶ ሲወስድ ማንም “ተጣልተሃል እንዴ?” ብሎ አይጠይቅም፤ እሱ የምሥራች ነጋሪ ነው። የመነሻ ዋጋው ሁለት በመቶ ብቻ እንኳ 80,000 ብር መሆኑንም በዚያ ጠዋት ለማስላት የደፈረ አልነበረም። እኔ አስልቼዋለሁ፤ ግን አልተናገርኩም። በዚያው ዕለት ለችሎቱ አባላት የታዘዘውን ቁርጥም አብሬ በልቻለሁ።

ደግሞስ ጠበቃው ቢጠራ ምን ሊፈይድ? ደስታችንን ሊያበላሽ ካልሆነ በቀር። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማህደሩን ያስወጣል። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና መሬት ላይ ያለው አጥር መስማማታቸውን ያያል። ፎቁ በግንባታ ፈቃድ የተሠራ ነው ወይስ ቅዳሜና እሑድ የበቀለ? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ እኛ የምንጫረተው በቤቱና በመጠቀም መብቱ ላይ ነው፤ ታዲያ ከሊዙ ስንቱ ተከፍሎ ስንቱ ቀረ? ዕግድ አለበት? ባለዕዳው ባንኩን ከሶታል? በመያዣ ውሉ ላይ የባልም የሚስትም ፊርማ አለ? ቤቱ ውስጥ አሁን ማን ይኖራል? ቢያሸንፉ ቤቱን ባዶ አድርጎ የሚያስረክብዎ ማን ነው? ይህን ሁሉ ሲያገላብጥ ከርሞ “ይቅርብዎ” ቢልስ? 15,000 ብር ከፍሎ “ይቅርብዎ” የሚል ቃል ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው ለሚስቱ ምን ይላታል?

የገዢውን ጀግንነት ብቻ ማወደስ አድልዎ ይሆንብኛል። ቤቱ የሚሸጥበትም ሰው አለ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት በውሉ ከተስማሙ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ከመሸጡ በፊት ግን ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። 30 ቀን ብዙ ነው። ብድሩን ለማራዘም ይለመንበታል፤ ባንኩን አስፈቅዶ በራስ ገዢ በተሻለ ዋጋ ይሸጥበታል፤ አሠራሩ ሕግ መጣስ አለመጣሱ በሙያተኛ ይታይበታል። የእኛ ባለዕዳ ግን ከዚህ ሁሉ የተሻለ መላ አለው። ደብዳቤ ይዞ የመጣውን ሰው ልጁን ልኮ “አባባ የሉም” ያሰኛል። ያልተቀበሉት ደብዳቤ አልተጻፈም። ደብዳቤው በሌላ መንገድ ቢደርስ እንኳ ሳይከፈት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይቀመጣል፤ እዚያ ሙቀት ስላለ ዕዳው ይተናል ተብሎ ይሆናል። ከዚያ በጨረታው ዕለት ጠዋት ከቢሮ ቢሮ ጠበቃ ፍለጋ ይሮጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት የቀድሞ ሰዎች ይህን አይተው መሆን አለበት።

ወደ አዳራሹ እንመለስ። አጎቴ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሲፒኦውን በውስጥ ኪሳቸው አኑረው፣ በየደቂቃው በእጃቸው እየዳበሱት ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ገና በሩ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ “ጋሼ፣ ዋጋ ባይጨምሩስ? ለሻይ የሚሆን አናሳጣዎትም” ብሏቸው ነበር። ይህ ሰው ሳያውቀው ቤቱን ሸጠላቸው። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ነገሩ የቤት ሳይሆን የክብር ሆነ።

ግራጫ ጃኬት የለበሰ አንድ ተጫራች 50,000 ጨመረ። አጎቴ 100,000። ጃኬቱ ቀና ሳይል 50,000። አጎቴ ወደ ኋላ ዞረው ካዩት በኋላ 200,000። አምስት ሚሊዮን አለፈ። እጃቸውን ለመያዝ ሞከርኩ፤ መነጨቁኝ። “ሰው ፊት ታዋርደኛለህ?” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ስድስት ሚሊዮን አለፈ። 6,350,000 ላይ ግራጫው ጃኬት እግሩን አነባበረና ፈገግ አለ። አጎቴ ያንን ፈገግታ የሽንፈት ነው ብለው ተረጎሙት። እኔ እስከ ዛሬ ትርጉሙ አልገባኝም።

ደስታው ግማሽ ቀን ቆየ። ከሰዓት በኋላ የባንኩ ሠራተኛ ቀሪው 5,350,000 ብር በ15 ቀን ውስጥ እንደሚከፈል ሲነግራቸው አጎቴ ሳቁ። “እንደ ዕቁብ በየወሩ አይደለም እንዴ?” ሠራተኛው አልሳቀም። በእጃቸው የነበረው ሦስት ሚሊዮን ነው። አይሱዙው ተሸጠ፤ በጥድፊያ እንደሚሸጥ መኪና ሆኖ ተሸጠ። ቀሪው ከአማት ተበደረ። በ14ኛው ቀን ከፍለው ሲወጡ የለበሱት ጋቢ በአንድ ቁጥር የሰፋ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ቤታችንን ልናይ ሐረጎን ቁልቁል ወረድን። በሩ ተንኳኳ፤ ተከፈተም።

“ቤት ለእምቦሳ!” አሉ አጎቴ፣ በገዛ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው።

“እምቦሳ እሰሩ!” አለች ነጠላዋን ያጣፋች ሴት፣ ከምድጃው አጠገብ ቀና ብላ። “ይግቡ አባቴ፣ ቡና ደርሷል።”

ወሎ ነውና ማንነታችንን የጠየቀችን ከቶናው በኋላ ነው። አጎቴም ተራቸውን ጠብቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የቤቱ ባለቤት መሆናቸውን አበሠሯት። ሴትየዋ አልጮኸችም። በረካውን ቀዳችላቸውና ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ባሏ ሲበደር ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አቅርቧል። እሷ ግን በጋብቻ 19 ዓመት ኖራለች፤ ቤቱ የጋራ ነው፤ በመያዣ ውሉ ላይ ፊርማዋ የለም። ከጨረታው ሦስት ሳምንት በፊት ክስ መሥርታለች። የመዝገብ ቁጥሩንም በቃሏ ነገረችን። “ጠበቃዬ ነው ያስጠናኝ” አለች፣ ስኳር እየጨመረችላቸው።

አጎቴ ያን ዕለት ማታ ጠበቃ ያዙ። አሁን ተጣልተዋላ! 200,000 ብር ቅድሚያ ተከፈለ፤ ሌላው እንደ ውጤቱ ነው። ጠበቃው መዝገቡን ካየ በኋላ መጀመሪያ የጠየቃቸው ጥያቄ “ከመግዛትዎ በፊት ማንን አማከሩ?” የሚል ነበር። አጎቴም ሳይዋሹ የቡና ቤቱን ስም ነገሩት።

ሰባት ወር ሆነ። አንዴ ዳኛው ፈቃድ ላይ ናቸው፣ አንዴ መጥሪያ አልደረሰም፣ አንዴ ባንኩ ጣልቃ ገብ ይሁን ተባለ። ሴትየዋ እዚያው ትኖራለች። አጎቴ ለቀጠሮ ኮምቦልቻ በወረዱ ቁጥር ቡና ያልፈላላቸው ቀን የለም።

ነገር ግን ሹመት አገኙ። የ11 ዓመቱ አባት ወደ ልጃቸው ዘንድ አዲስ አበባ ስለሄዱ የቡና ቤቱ ችሎት ሰብሳቢ ሆነዋል። ጣልቃ ገብ፣ ዕግድ፣ መቃወሚያ፣ የአፈጻጸም ችሎት የሚሉ ቃላት ከአፋቸው እንደ ቆሎ ይወርዳሉ። ባለፈው ሰኞ አንድ ጎልማሳ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና ከኪሱ የታጠፈ ጋዜጣ አወጣ። ሸዋ በር አካባቢ ቤት፣ በሐራጅ።

“ጋሼ፣ እርስዎ ሕጉን ያውቁታል ሲሉኝ መጣሁ። ከመግባቴ በፊት ጠበቃ ላማክር ይሆን?”

አጎቴ ጋዜጣውን ተቀበሉ። መነጽራቸውን ፈልገው አጡት። መነሻ ዋጋውን በጣታቸው ተከትለው አገኙና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

“ለምን?” አሉት። “ተጣልተሃል እንዴ?”