የሰው ፍቺ ይታያል፣ የቤቱ ዕዳ አይታይም

አሜሪካ ያለ ዘመዳችን ቤቱ ስንት እንደሚገመት፣ በዓመትም ስንት ግብር እንደሚከፍልበት እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቁጭ ብሎ በስልክ ማየት ይቻላል። በአብዛኛው አካባቢ የቤት መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ነው። አድራሻውን ማስገባት ብቻ ነው የሚጠበቀው። ከራሳችን በር ሦስት ቤት አልፎ ያለውን ቤት ልንገዛ ብንፈልግስ? ባንክ ይዞት ይሁን፣ ፍርድ ቤት አግዶት ይሁን፣ ስልካችን ምንም አይነግረንም።

ያለው ምርጫ ሻጩን ማመን ነው፤ ወይ ደላላውን። ካልሆነም ሻጩ ቢሮ ሄዶ ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ ነው የሚል ወረቀት እስኪያመጣ መጠበቅ ነው። ልብ በሉ፣ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ራሱ የሚጠረጠረው ሰው ነው። እርግጥ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ሲቀርብ ነገሩ ይጣራል። ግን ቀብዱ የሚከፈለው ከዚያ በፊት ነው። ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ፣ በርጫ ላይ ስንት ቀብድ እጅ እንደቀየረ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አቦ።

እኔ የምለው አጭር ነው። የካርታ ቁጥር ሲገባ «ዕዳ አለበት» ወይም «የለበትም»፣ «ታግዷል» ወይም «አልታገደም» ብሎ የሚመልስ ገጽ ይኑረን። የባለቤቱ ስም አያስፈልግም። ስልኩም፣ ፎቶውም አያስፈልግም።

ይህ ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግድ ሚኒስቴሩ ኢ-ትሬድ ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስገብቶ የአንድን ነጋዴ ፈቃድ ማየት ይቻላል። ከዚራ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ፈቃዱ ይታያል፤ የሱ ሱቅ ያለበት ሕንፃ ግን አይታይም። ሐሳቡም ቢሆን አርጅቷል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1553 እስከ 1646 ድረስ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ብቻ ይደነግጋል። ይሁንና ያው ሕግ፣ መጨረሻው አካባቢ፣ ይህ ክፍል የሚጸናበት ቀን በነጋሪት ጋዜጣ እስኪነገር ይቆይ አለ። አያቶቻችን ጠበቁ፤ እኛም እየጠበቅን ነው።

«የሰው ገመና ይወጣል» የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ ትክክል ነው፣ የሚፈሩት ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመው ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን የአመልካችና የተጠሪ ሙሉ ስም አብሮ አለ፣ የፍቺውም የልጅ ማሳደጉም ክርክር ሳይቀር። ባልና ሚስት በምን እንደተጣሉ ማንም ፈልጎ ያነባል። የሚሸጡት ቤት መያዝ አለመያዙን ግን ማንም አያውቅም። ተገላቢጦሽ!

አሜሪካኖቹንም እንዳለ እንቅዳ አልልም። እዚያ የፍርድ ቤቱን፣ የቤቱን፣ የመራጩን መዝገብ ለቃቅመው «ሰው እናገኛለን» እያሉ የሚቸረችሩ ድርጅቶች ሞልተዋል። ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ የማንንም አድራሻ ማግኘት ይቻላል። ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ሌላ ከተማ የገባች ሴት በዚህ መንገድ ልትገኝ ትችላለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ስም ራሱ አያስተማምንም። የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን። መጋላ ላይ «አህመድ መሐመድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ዞር ይላል? አጻጻፉማ አይነሳ፤ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ። በስም የሚፈለግ መዝገብ የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ ይለጥፋል። ቁጥር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ የሰውን ስም ከንብረቱ መዝገብ ለይቶ ለማውጣት የሕግ መነሻ የለም ማለት አይቻልም።

ድሬዳዋ ለዚህ ጥሩ መጀመሪያ ትሆን ነበር። ከተማዋ እንደ አዲስ አበባ አትሰፋም፤ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር አላት። አስተዳደሩ ካመነበት አዲስ አበባን መጠበቅ የለበትም።

እስከዚያው ያለውን ሕግ እንጠቀምበት። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ጥያቄው የሚገባው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። እምቢ ከተባለ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። የሊዝ ጨረታ ውጤት፣ የቀበሌው በጀት፣ ለመንገድ ተብሎ የፈረሰው ግቢ ካሳ፣ ሁሉም የሚጠየቅ ነገር ነው። ሕጉ ከወጣ ይሄን ያህል ዘመን ሆኖት፣ ቢሮ ስንገባ ግን ዛሬም መጀመሪያ የምንጠይቀው «የምታውቁት ሰው አለ?» ብለን ነው።

የምትጠይቁ ከሆነ በጽሑፍ አድርጉት፤ የገባበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂም በእጃችሁ ይቅር። ቀን የሌለው ማመልከቻ 30 ቀኑ ከየት ይቆጠራል?