መስመሬን መልሱልኝ

ዛሬ አንድን ዕጢ ሦስት ጊዜ ከበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ክቡ ጠፋ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ፓቶሎጂስት ነኝ፤ ከታካሚ የተወሰደን ናሙና አጉልቼ አይቼ ካንሰር መሆን አለመሆኑን እናገራለሁ። ድሮ ሥራችን በማይክሮስኮፕ ብቻ ነበር። አሁን ናሙናው ያረፈበት የመስታወት ስላይድ በስካነር ይነሣና በኮምፒውተር እናየዋለን። ተራ ፎቶ እንዳይመስላችሁ። በ40 እጥፍ ሲነሣ አንዱ ፒክስል 0.25 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ወርዱም ቁመቱም 15 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ 60,000 በ60,000 ፒክስል ይወጣዋል። 3.6 ቢሊዮን ፒክስል! ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መክፈት ስለማይቻል ምስሉ በተለያየ የማጉያ ደረጃ እንደ ፒራሚድ ይደራረባል፤ እያንዳንዱ ደረጃ በትናንሽ ካሬዎች ይቆራረጣል፤ ዓይናችሁ ያረፈበት ቦታ ካሬዎች ብቻ ይመጣሉ። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

የእኔ ጠብ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ከደረደረው ሰው ጋር ነው።

ዕጢው ለዘረመል ምርመራ ሊላክ ስለሆነ ዙሪያውን ማስመር ነበረብኝ። በነጻ እጅ መሳያው ጀመርኩ። ጠርዙን በትክክል ለመከተል ማጉላት ያስፈልጋል፤ ካጎላሁት ግን ዕጢው ከስክሪኑ ያልፋል። እንግዲህ እየሣልኩ ምስሉን ማንቀሳቀስ አለብኝ ማለት ነው። አይቻልም! ጣቴን ከማውሱ ላይ ባነሣሁበት ቅጽበት መስመሩ በመሀል አቋርጦ ወደ መነሻው ይሮጥና ራሱን ይዘጋል። ግማሹ ዕጢ ውጭ ቀረ። አጠፋሁት።

እሺ፣ በነጥብ በነጥብ የሚሠራውን ልሞክር አልኩ። ይህኛው ምስሉን ማንቀሳቀስ ይፈቅዳል። ትንፋሼን ውጬ ሰማንያ ያህል ነጥብ ተከልኩ። አንዷ ነጥብ ብቻ ስታ ጤናማው ሥጋ ላይ ስላረፈች እርሷን ላነሣ የመሰረዣውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሰማንያዎቹም አብረዋት ሄዱ። የመመለሻ ቁልፍ? የለም። ሰው እንደሚሳሳት ያልገመተ ፕሮግራም ሠሪ ምን ዓይነት ንጹሕ ሕይወት ቢኖር ነው?

በሦስተኛው ዙር ጨረስኩ። አስቀምጥ የሚለውን ስጫን «የቆይታ ጊዜዎ አብቅቷል፤ እባክዎ እንደገና ይግቡ» አለኝ። የት ሄጄ ነው የምገባው? እዚሁ ተቀምጬ እየሣልኩ ነበር እኮ!

በነገራችን ላይ የመስመሩ ቀለም ቀይ ነው። አብዛኛው ስላይድ የሚቀለመው በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን ነው፤ የመጀመሪያው የህዋሱን አስኳል ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ፣ ሁለተኛው የቀረውን ወደ ሮዝ ይወስደዋል። በሮዝ ሜዳ ላይ ቀይ ክር ፈልጉ እንግዲህ። ወደ አረንጓዴ እቀይረዋለሁ፤ ቀጣዩን ስላይድ ስከፍት ተመልሶ ቀይ ነው።

ቆጠራውም ያው ነው። በጡት ካንሰር ደረጃ ለመስጠት ከምናያቸው ነገሮች አንዱ በመከፋፈል ላይ ያሉ ህዋሳት ብዛት ነው። በማይክሮስኮፕ አሥር ክብ መስክ እናያለን፤ የመስኩ ዲያሜትር 0.5 ሚሊሜትር ከሆነ አሥሩ ተደምረው ወደ 2 ካሬ ሚሊሜትር ይጠጋሉ። ስክሪን ክብ መስክ ስለሌለው ያንኑ ስፋት በሣጥን ማስመር ይኖርብኛል። ሣጥኑ ግን ስፋቱን በቁጥር እንዳስገባ አይፈቅድም። እጎትተዋለሁ፤ 1.97። ትንሽ ልጨምር፤ 2.04። ልቀንስ፤ 1.96። አስማተኛ እንጂ ሐኪም የሚያደርገው ነገር አይደለም። ከዚያ ስቆጥር ደግሞ ምስሉን ልገፋ ማውሱን በነካሁ ቁጥር አንድ ነጥብ ይተክላል። በዚህ የመስክ መጠን 14 ሲቆጠር ውጤቱ መካከለኛ ነው፤ 15 ሲሆን ከፍተኛው ላይ ይወጣል። ያቺ ባዶ ቦታ ላይ የተተከለች ነጥብ ታካሚዋን አታውቃትም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን የሚያናድድ እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። መስመሩ ሲጠፋ ቢያንስ መጥፋቱን አያለሁ። የምፈራው በስክሪኑ ላይ ርዝመት የሚለካውን ማስመሪያ ነው።

ባለፈው ሜላኖማ የሚባለውን የቆዳ ካንሰር እየለካሁ ነበር። እዚህ ላይ ውፍረት ትልቅ ነገር ነው፤ በ0.1 ሚሊሜትር ልዩነት እንጽፈዋለን፤ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን ካንሰሩ ቢሰራጭ ቀድሞ የሚደርስበት ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) እንዲመረመር ብዙ ጊዜ ይመከራል። ከላይኛው ቆዳ እስከ መጨረሻዋ ጥልቅ ህዋስ ማስመሪያውን ዘረጋሁ። 0.6 አለ። ልጽፈው እጄን ሳነሣ ዓይኔ አጠገቡ ያለች የደም ሥር ላይ ዐረፈ። ውስጧ ቀይ የደም ህዋሳት ተደርድረዋል። ቀይ የደም ህዋስ የእኛ የተፈጥሮ ማስመሪያ ነው፤ 7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። አንዱን ለካሁት። 3.5። ሌላውን ለካሁ። 3.6። የታካሚው ደም በአንድ ጊዜ አልተኮማተረም! ስላይዱ የተነሣው በ20 እጥፍ ነበር፤ አንዱ ፒክስል 0.5 ማይክሮሜትር ማለት ነው። ፋይሉ ውስጥ ያ መረጃ ጎድሎ ነበርና ፕሮግራሙ ከራሱ 40 ነው ብሎ ገመተ፤ ሁሉንም ነገር በግማሽ አሳነሰው። ዕጢው 1.2 ሚሊሜትር ነበር።

ልብ በሉ፣ ምንም ማስጠንቀቂያ አልነበረም። «ልኬቱን አላውቀውም» ብሎ በፒክስል ቢነግረኝ ኖሮ አመሰግነው ነበር። ለቆይታ ጊዜዬ ያን ያህል የሚጨነቅ ፕሮግራም ለዚህ አንዲት ቃል አጣ። አሁን አዲስ ስላይድ ስከፍት ሰላምታዬ አንድ ቀይ የደም ህዋስ መለካት ሆኗል።

ወደ ዛሬው ልመለስና፣ አራተኛ ዙር አልሣልኩም። ወደ መደርደሪያው ሄጄ መስታወቱን አወጣሁ፤ በማይክሮስኮፕ አይቼ ዕጢውን በጥቁር ማርከር ዙሪያውን ከበብኩት። አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የስካነሩ ባለሙያ ደውሎልኝ ነበር፤ ስላይዱ በድጋሚ መነሣት ስላለበት የማርከሩን ቀለም በአልኮል አጽድቼ እንድመልስለት።