ሐዘን በደብዳቤ፣ ሐዘን በመግለጫ

እኛ ሐዘንን በእግር የምንደርስ ሰዎች ነን። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ በስልክ መንገርም ነውር ነው። አንድ ሰው አገር ቤት ዘመድ ሲሞትበት፣ ዋሽንግተንም ይሁን ዳላስ ያሉ ወዳጆቹ ቀድመው ሰምተው፣ ሥራ የማይገባበትን ቀን አጣርተው፣ በማለዳ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ይህን ለለመደ ሰው ፈረንጆቹ ለአንዲት የሐዘን ደብዳቤ የሚሰጡት ክብር ግራ ያጋባል። መሪዎቻቸው የጻፏቸውን ቀረብ ብሎ ሲያነብ ግን አንድ የጎደለን ነገር ይታየዋል፤ እነሱ ለአንድ ሰው ይጽፋሉ፣ የእኛዎቹ ለሁሉም መግለጫ ያወጣሉ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባት አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ፣ ኪንግና ፒት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ጥግ ማርሻል ሃውስ የሚባል ሆቴል ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ፣ ሜይ 24 ቀን 1861፣ ኤልመር ኤልስዎርዝ የተባለ የሰሜኑ ጦር የ24 ዓመት ኮሎኔል የደቡቦቹን ባንዲራ ከጣራው አውርዶ ደረጃውን ሲወርድ የሆቴሉ ባለቤት ተኩሶ ገደለው። ወጣቱ ስፕሪንግፊልድ በሊንከን ቢሮ ሕግ ያጠና ስለነበር ፕሬዚዳንቱ ሊንከን በማግስቱ ለወላጆቹ ጻፈ። ስለ ጀግንነቱ ተናግሮ ብቻ አላበቃም። ከተዋወቁ ሁለት ዓመት እንዳልሞላቸው፣ ከልጁ አፍ ነውረኛ ቃል ሰምቶ እንደማያውቅ፣ ወላጆቹንም ረስቶ እንደማያውቅ ነገራቸው። እነዚህን ከሌላ ሟች ደብዳቤ ላይ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዲሴምበር 23 ቀን 1862 ለፋኒ መካሎህ የተጻፈው ነው። አባቷ ዊልያም መካሎህ በብሉሚንግተን፣ ኢሊኖይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ አንድ እጁን ያጣና ሊንከን በጥብቅና ዘመኑ በቅርብ የሚያውቀው ሰው ነው፤ በዚያ ወር ሚሲሲፒ ውስጥ በውጊያ ወደቀ። ልጅቱ ክፍሏን ዘግታ ከሰው መገናኘት አቆመች። የቤተሰቡ ወዳጅ ዳኛ ዴቪድ ዴቪስ ናቸው ለሊንከን ነግረው ያስጻፉት። ሊንከን ስለ አገርም ስለ መሥዋዕትነትም አልሰበከላትም። ወጣትን ሐዘን ሳያስበው ስለሚይዘው እንደሚበረታበት አመነላት፤ አሁን መቼም የሚሻልሽ አይመስልሽም፣ ግን ስህተት ነው፣ ደስታሽ ይመለሳል አላት፤ ይህንንም የምለው ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው ብሎ ጨመረ። እናቱን በዘጠኝ ዓመቱ አጥቷል፤ ልጁ ዊሊ የሞተበት በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ነው። የራሱን ሐዘን ግን አልዘረዘረም። ብዙ አጽናኝ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «እኔም እኮ» ብሎ ይጀምርና ለቅሶውን የራሱ ያደርገዋል።

የሊንከን ስም ሲነሳ በብዛት የሚጠቀሰው ግን ኖቬምበር 21 ቀን 1864 ለወይዘሮ ቢክስቢ የተላከው ነው፤ የሴትየዋ አምስት ወንዶች ልጆች በጦር ሜዳ በክብር ወደቁ ይላል። የማሳቹሴትስ መሥሪያ ቤቶች ያቀረቡትን ቁጥር ያጣራ ሰው አልነበረም። በውጊያ መሞታቸው የተረጋገጠው ሁለቱ ናቸው፤ አንዱ በሰላም ተሰናብቷል፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከጦሩ ከድቷል። ደብዳቤው እጇ በገባበት ቀን ቦስተን ውስጥ በጋዜጣ ታተመ፤ ዋናው ቅጂ እስከ ዛሬ የለም፤ የጻፈው የሊንከን ጸሐፊ ጆን ሄይ ነው የሚለው ክርክርም አልቆመም። ቋንቋው ያምራል። ይሁንና ልጆቹን በስም አይጠራም፤ ለመላ አገሪቱ የተጻፈ እንጂ ለሴትየዋ የተጻፈ አይመስልም። በእኔ ሚዛን የፋኒዋ ትበልጠዋለች።

የዛሬው የአሜሪካ ጦር አሠራር መርዶውን ከደብዳቤው ይለያል። መርዶው ከእኛው ብዙ አይርቅም፤ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ የጦሩ ቄስ፣ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። እዚህ የተደረሰው በችግር ነው፤ በ1965 በቬትናም ጦርነት መጀመሪያ የሞት ቴሌግራሙን ለሚስቶች የሚያደርሰው የታክሲ ሹፌር ነበር። ደብዳቤው በኋላ ይመጣል፤ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። በ2004 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ ከ1000 በላይ የሐዘን ደብዳቤዎችን በማሽን ያስፈርሙ እንደነበር ሲታወቅ ቁጣ ተነሳ፤ ከዚያ ወዲያ በእጄ እፈርማለሁ አሉ። በ2009 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ተቃራኒውን አደረጉ፤ አንድ ዓይናቸው የማያይ ሰው በወፍራም እስክሪብቶ ለአንድ ሟች ወታደር እናት በእጃቸው ጽፈው ስሟን በአንድ ፊደል ሳቱ። ለይቅርታ ሲደውሉ ንግግሩ ተቀዳና ጋዜጣ ላይ ወጣ። ብራውን በ2002 አራስ ልጃቸውን የቀበሩ አባት ናቸው፤ ከማሽን ፊርማ በላይ ደክመዋል፤ እናትየዋ ግን ያየችው የተበላሸውን ስሟን ነው። ከመላክ በፊት በሌላ ሰው ዓይን ማስነበብ ያድን ነበር።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ የመሪ ሐዘን በፌስቡክና በቴሌቪዥን ይወጣል። «በደረሰው አደጋ የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽኩ፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለወዳጅ ዘመዶቻቸው መጽናናትን እመኛለሁ።» አውቶቡስ ቢገለበጥ፣ አርቲስት ቢሞት፣ ተራራ ቢናድ ዓረፍተ ነገሩ አይለወጥም። የሟች እናት ሣጥኗ ውስጥ አጥፋ የምታስቀምጠው ወረቀት የለም።

የድሮ መሪዎቻችን ግን ለሰው ይጽፉ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ ስለ እንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንና ስለ እንግሊዛዊው ወዳጃቸው ቤል ሞት አንስተዋል፤ ሰው ሁሉ ሟች ነው፣ ጠላቶቼ እኔን ለመጉዳት ወዳጆቼን ገደሉ፣ እኔም ተበቀልኩ የሚል ነው። የሐዘን ደብዳቤ ከተባለ በደም የተከፈለ ነው። ለንደን ደርሶ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሳይመልስለት ቀረ፤ በፕላውደን ቦታ የተተካው ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ 1868 ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦሩን ይዞ መቅደላ ደረሰ። ያቺው ንግሥት ግን በኤፕሪል 1865 ሊንከን ሲገደል ለሚስቱ በስማቸው ጽፈው፣ እኔም ባሌ የሞተብኝ ስለሆንኩ ይገባኛል ብለዋል። ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሲሞትም በማስታወሻቸው ያሰፈሩት ያለ አንድ ዘመድ በባዕድ አገር ብቻውን መሆኑን ነው። ማዘን የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ የቴዎድሮስን ደብዳቤ የበላው ቢሮው ነው።

በውጭ ያሉ ዕድሮቻችንና ማኅበሮቻችን ለአባል ቤተሰብ ሲጽፉ የሚቀዱት የመግለጫውን ቋንቋ ነው። በግማሽ ገጽ የሟቹን ስም፣ ሰውየው በማኅበሩ ውስጥ የሠራውን አንድ ነገር፣ የምናደርገውንም ቆርጦ መጻፍ ይበቃል። በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሰው ተሞልቶ ማንም አያነበውም፤ ለአርባው ቢደርስ ይሻላል። ከንቲባ ወይም የምክር ቤት አባል እንዲጽፍ ሲጠየቅ ደግሞ ስሙን ለቢሮው አጣርቶ መስጠት የማኅበሩ ጸሐፊ ሥራ ነው። ፈረንጁ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ ስለሚወስድ፣ ካልተነገረው ለሚስትየው በባሏ አባት ወይም በባሏ አያት ስም ይጽፍላታል። የእያንዳንዱን ሐዘንተኛ ሙሉ ስም በፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ ከሟቹ ጋር ያለውን ዝምድና፣ «ወይዘሮ» ከየትኛው ስም በፊት እንደሚገባ በአንድ ወረቀት ጽፎ መላክ ነው፤ ረቂቁም ከመፈረሙ በፊት ተመልሶ እንዲታይ መጠየቅ።