ምን ወደቀባችሁ?

የአምስት ዓመቷ ሚጡ ዓሣ ማጥመድን ያየችው በስልክ ነው። አንድ ድብ ወንዝ ዳር እግሩን አነባብሮ ዓሣ ይስባል። «አባዬ፣ እኛም እንያዝ» አለች። እሺ አልኩ። ጥያቄውን በቅጡ ሳልሰማ እሺ የማለት ልማድ አለብኝ፤ ያገባሁትም እንደዚያው ነው።

ችግሩ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን። እዚህ ሰው ከወንዝ የሚፈልገው ልብስ ማጠቢያና ከብት ማጠጫ፣ ቢበዛ ጠበል ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ታይቶ ከተማዋ በዚያው ስሟን አገኘች። ከበሬሳ ወንዝ ዓሣ ታየ የሚል ግን አላነበብኩም።

ዝዋይ ላደገ ጓደኛዬ ደወልኩ። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅኩት። «ቆሮሶ ዓሣ እኮ ሞቅ ያለ ውሃ ነው የሚወደው። ደብረ ብርሃን ብትለቀው ጋቢ አምጡልኝ ይልሃል» አለ። ቀጥሎ ግን ቁም ነገር መከረኝ። ለልጅ ውድ ዕቃ አትግዛ። አጭር ዘንግ፣ ክር፣ ትንሽ መንጠቆና የሚንሳፈፍ ነገር ይበቃታል። ትሉን ራሷ ትቆፍር። ከግማሽ ሰዓት በላይ አታቆያት፤ ሳይሰለቻት ተነሱ። ጥልቅ ውሃ ጋ አትሂዱ፣ እጅህ ከሚደርስበት እንዳትርቅ። መንጠቆው ላይ ያለችውን ጥርስ ደግሞ በፒንሳ ጨፍልቃት። «ከዓሣ በፊት የሚያዘው ያንተ ጣት ነው» አለኝ።

ሱቅ ሄድኩ። «መንጠቆ አለ?»

«ለመጋረጃ ነው ለልብስ?»

«ለዓሣ።»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ዓሣ ተሰቅሎ አይቆይም ጋሼ፤ ፍሪጅ ነው የሚያዋጣህ።»

መንጠቆውን ጓደኛዬ በሰው ላከልኝ፤ ሦስት ፍሬ በክብሪት ቀፎ። የቀረው ከቤት ተገኘ። ክሩን ከማዳበሪያ ጆንያ አፍ ፈታሁ። ለክብደት ከዕቃ ሳጥኔ አንዲት ዳዶ። ለዘንግ ከጓሮ ባሕር ዛፍ ቆረጥኩ፤ ባሕር ባይኖረንም ባሕር ዛፍ ሞልቶናል። የሚንሳፈፈውን ከባለቤቴ አሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጬ አወጣሁ። አሮጌ ነው ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ጠቅላላ ወጪ፦ ዜሮ ብር ከዜሮ ሳንቲም።

ባለቤቴ የተቆረጠ ጫማዋን አየች፣ ዘንጉን አየች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። አማቴ ደግሞ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ነገር አነሱ። ዓሣው ገና ወንዝ ውስጥ እያለ ሁለት ዘመድ ተኳረፈበት።

ቅዳሜ ጠዋት ሚጡ ከጓሮ በማንኪያ ትል ቆፈረች። ሰባት አገኘች። እርጥብ አፈር ያለበት ጣሳ ውስጥ ከታ ለሁሉም ስም አወጣች። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። ወንዙ ዳር ደርሰን አንዱን አንስቼ ወደ መንጠቆው ሳስጠጋ ጮኸች። «አይሆንም! ያመዋል!» ትሉ ወደ ጣሳው ተመለሰ። ለቁርስ ከያዝነው ዳቦ ውስጡን ፈልፍዬ በጣቴ አድበልብዬ ሰካሁ። ዓሣ ዳቦም ይበላል ብሎኛል ጓደኛዬ።

ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ጋቢያችንን ተከናንበን ተቀመጥን። ያቺ የጫማ ቁራጭ ውሃው ላይ ትወዛወዛለች። ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። «አባዬ፣ ውሃው የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ወደ ጀማ፣ ከዚያ ወደ ዓባይ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ግብፅ አልኳት። «ዓሣዎቹም ሄዱ?»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላን አንድ አባት ከዘራቸውን እየተከሉ መጡ።

«እንደምን አደራችሁ። ምን ወደቀባችሁ?»

«ምንም አልወደቀብንም አባባ። ዓሣ ነው።»

«እግዚኦ! መቼ ገባ?»

እንዳልገባ አስረዳኋቸው። ማለቴ እዚያው እንደሚኖር፣ የእኛ እንዳልሆነ። በሐዘኔታ አዩኝና ድንጋይ ፈልገው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለት ሰው ውሃ ሲያይ ሦስተኛው ዝም ብሎ አያልፍም። ጀሪካን የያዘች ሴትዮ ቆመች። ባጃጅ ቆመ። «ስልክ ነው?» አለ ሹፌሩ። መልስ ሳልሰጥ ከኋላ አንዱ «አዎ፣ ስልክ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሌላው «ኧረ ቀለበት ነው» አለ። ሴትዮዋ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ «ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነው፤ አታይም፣ ልጅቷን ይዞ ውሃ ዳር» ስትል ሰማሁ። ከዚያ መጥታ ሚጡን በዘዴ እጇን ይዛ ከወንዙ ራቅ አደረገቻት። አይፈረድባትም። በሥራ ሰዓት ውሃ ላይ አፍጥጦ የተቀመጠ ጎልማሳ ወይ ዕቃ ጠፍቶበታል፣ ወይ ራሱ ጠፍቷል።

አምስት ልጆች ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። በዚያ ብርድ! «ግዴለም፣ ውጡ» ብል ማን ይስማኝ። «አይዞህ፣ እናገኘዋለን!» ይሉኛል። የጫማዋ ቁራጭ ጭልጥ ብላ ጠለቀች። ልቤ ዘለለ። ሳብኩት። የልጁ ሱሪ ነው።

አባባ ተከዙ። «ልጄ፣ ዓሣ ከፈለግህ ጀማ ውረድ። አምባዛ የሚባል ትልቅ ዓሣ እዚያ አለ።» ትንሽ ቆዩና «ቅዱስ ጴጥሮስም ዓሣ አጥማጅ ነበር። ና ሲባል መረቡን ጥሎ ሄደ። አንተን የጠራህ የለም?» አሉኝ።

ልጆቹ ያገኙትን እያወጡ ማሳየት ጀመሩ። የድስት ክዳን። «የናንተ ነው?» ሚጡ «አዎ» አለች። የዛገ ቁልፍ። «አዎ።» እጀታው የተሰበረ ማንኪያ። «አዎ!» እልል ተባለ። እኔም ማስተባበሉን ተውኩት፤ ማንም ደስ ብሎት አያውቅም እንደዚያ ቀን።

የበረደው ልጅ ባዶ እጁን አይሸኝም። ለአምስቱ ሻይና ቦምቦሊኖ ጋበዝኩ። አባባም ሻይ አይጠሉም። ሹፌሩ ከሥራ ስለቀረ በእሱው ባጃጅ መሄድ ግድ ሆነ። ማታ ለባለቤቴ አዲስ ነጠላ ጫማ ተገዛ። ሒሳቡን ሳሰላው በዚያ ብር ጀማ ወርጄ አምባዛውን ቁርስ መጋበዝ እችል ነበር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሦስት ሰው «እግዜር ይተካልህ» አለኝ። ጎረቤቴ አሮጌ ስልኩን ይዞ መጣ፤ «እስክትገዛ በዚህች ተጠቀም።» የራሴን አውጥቼ ባሳየው ሐሰተኛ እሆናለሁ፤ ተቀበልኩት። ባለቤቴ አልጋ ሥር ሰባት ትሎች ያሉበት ጣሳ አገኘች። ስለዚያ ምሽት አልጽፍም።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሚጡ ጋቢዬን ጎተተችው። ጫማዋን አጥልቃለች፣ ፌስታል ይዛለች።

«አባዬ ተነስ። ዛሬ ደግሞ ምን ወደቀብን እንበል?»